የቆንጣጩ ጀርባ

ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል
ከመኖ መጋዘኑ

ይድረስ ለልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ያንተንና የትንሿን ደህንነት እጠይቃለሁ። ደህና ነን ብለህ ካልጻፍክልኝ ልቤ አያርፍም፤ ብትጽፍልኝም አያርፍም። እኔ ጉልበቴ ብርድ ሲሆን ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ።

የምጽፍልህ ከመኖ መዝገቡ በገነጠልኩት ወረቀት ነው። መኖ ያመጣልን የጭነት መኪና አራት ሰዓት ላይ ይመለሳል፤ በእናንተ ከተማ በኩል ነው የሚያልፈው። ሹፌሩ በእጅህ ካልሰጠሁት ብሎ ምሎልኛል። እንግዲህ ያለኝ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ በመሃሉም እየተነሳሁ ገንዳ ቁጥር አራትን ማየት አለብኝ። ጽሕፈቴ ቢቆራረጥ አትፍረድብኝ። መቀመጥ እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። ባለፈው ስትደውልልኝ «መስመሩ ተበላሽቷል፣ አይሰማኝም» ብዬ የዘጋሁት ውሸቴን ነው። ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። የስፌት መኪናህ ሲንኳኳ፣ ትንሿ ስትነጫነጭ፣ አንተም «እሽሩሩ» ስትላት ሁሉ ይሰማኝ ነበር። ምን ብዬ እንደምመልስልህ ስላላወቅሁ ነው የዘጋሁት። ይቅርታ አድርግልኝ፤ ዛሬ ይቅርታ የምጠይቅህ በዚህ ብቻ አይደለምና ቁጠርልኝ።

የጻፍከውን በቃሌ ይዤዋለሁ። «እማዬ፣ አልቻልኩም። እናቷ የሁለት ዓመት ውል ፈርማ ከሄደች ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። አንዱ እግሬ ፔዳል ላይ፣ ሌላው አልጋዋን ሲወዘውዝ ስፌቱ ሁሉ እየጠመመ ነው። የሰው ሱሪ አንዱ እግር ከሌላው አጥሮ ተመለሰብኝ። አንቺ ዘንድ ሰፊ ግቢ አለ፣ ጥሩ ውሃ አለ። ሰኔ 15 እሁድ ጎረቤቴ ይዛልሽ ትምጣና አንቺ አሳድጊያት። አባዬም እኮ እኔን ለአክስቴ የሰጠኝ ደክሞት ነው። እኔም እንደ እሱ ደከመኝ።»

ስለ ሱሪው አንብቤ ስቄያለሁ፤ አልዋሽህም። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ስደርስ ግን ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሽርጤ ኪስ አብሮኝ ሲዞር ከረመ፤ አሁንም እዚያው ነው። እመለስበታለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፤ መጀመሪያ ስለ አንድ ተባይ ልንገርህ። ልጄ እንዲህ ተቸግሮ እናቴ ስለ ተባይ ትጽፍልኛለች ብለህ እንዳትናደድ። መልሴን ያገኘሁት ከእሱ ነው።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ሳምንት የገንዳ ቁጥር አራት የዓሣ ጫጩቶች መጉደል ጀመሩ። ጫጩት ስልህ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ናት፤ አትቆጠርም። መኖ ስበትንላቸው ውሃው ድሮ እንደ ድስት ይፈላ ነበር፤ አሁን ዝም ሲልብኝ ነው መጉደላቸውን ያወቅሁት። ኃላፊያችን ዘበኛውን ጠረጠረ። ዘበኛውም «ጌታዬ፣ ይህችን የምታህል ዓሣ ሰርቄ በምን ልጠብሳት ነው፣ በክብሪት?» አለው።

ገንዳውን እስከ ጉልበት አጎደልነውና እጄን ከዳሩ ሣር ውስጥ ሰድጄ መፈለግ ጀመርኩ። አንድ ነገር ጣቴን ሲወጋኝ እስከ ክርኔ ነዘረኝ። አላርፍ ያለች ጣት ምን ጠንቁላ እንደምትወጣ ታውቀዋለህ፤ የእኔዋ ቆንጣጭ ይዛ ወጣች።

ቆንጣጭ የምንለው እኛ የገንዳ ሠራተኞች ነን። ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ትንሽ የሚበልጥ ባለ ክንፍ የውሃ ተባይ ነው፤ ሣር ውስጥ ሲሆን የረገፈ ቅጠል ነው የሚመስልህ። የፊት እግሮቹ ወረንጦ ናቸው። ከኋላው ባለች አጭር መተንፈሻ የውሃውን ፊት ነክቶ ቁልቁል ይንጠለጠልና ሳይነቃነቅ ይጠብቃል። ጫጩቷ በአጠገቡ ስታልፍ ቀጨም ያደርጋታል። ከዚያ ሹል አፉን ይሰካባትና ምራቁን ይለቅባታል፤ ምራቁ ሥጋዋን ከውስጥ ያሟሟዋል፤ እሱ ፈሳሹን ይመጥጥና ቆዳዋን ይጥላል። የትንኝ እጭም፣ ቀንድ አውጣም፣ የእንቁራሪት ልጅም እንዲሁ ነው የሚበላው። ይዘህ ስታወጣው ደግሞ እግሩን ሰብስቦ ሞቶ ይቆይሃል። ፊትህን ስታዞር ተነስቶ ይሄዳል። ዘበኛው «ኃላፊያችንም ሥራ ሲበዛ እንዲሁ ነው» ይላል።

ኃላፊያችን «ያገኛችሁትን ሁሉ ሲሚንቶው ላይ» ብሎ አዘዘ። ወደ አርባ የሚሆኑትን በገዛ ጫማዬ ጨረስኳቸው። ከዚያ የአንዱን ጀርባ አየሁ። የስንዴ ፍሬ የሚመስል ነገር ተደርድሮበት ክንፉን እንዳለ ሸፍኖታል፤ ሰማንያ ዘጠና ይሆናል። በሽታ መስሎኝ ወደ ዓይኔ ሳስጠጋው እንቁላል ነው።

እናቲቱ ናት አልኩ። ሌላ ማን ይሆናል? አሳዘነችኝ። ይህን ሁሉ ጭና መብረር አትችል፣ እንደ ልቧ ማደን አትችል። አርባውን ረግጬ ለአንዷ ማዘኔን እኔም አልገባኝም፤ ብቻ ደብዳቤህ ኪሴ ነበር። «ቆይ ላቅልልሽ» አልኳት። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀስ እያደረግሁ እንቁላሎቹን ከጀርባዋ አላቀቅኳቸው። ሙጫ እንደተቀባ ነው የተጣበቁት፤ ግን እጄ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ትዕግሥት አለው። አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ውሃ በንጹሕ ብርጭቆ ሞላሁና ከተትኳቸው፤ ብርጭቆውንም ፀሐይ በማያገኘው የመጋዘኑ መስኮት ላይ አኖርኩት። እናቲቱን ከአጥሩ ውጭ ካለው ኩሬ ጣልኳት። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

አንዴ ጠብቀኝ፤ ገንዳውን አይቼ ልምጣ።

ተመለስኩ። ደህና ናቸው፤ ውሃው ዛሬ ይፈላል።

በየሳምንቱ እየመጣች የኩሬ ተባዮችን የምታጠና አንዲት ወጣት ባለሙያ አለችን። ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ ነው፤ ለዚህ እወዳታለሁ። በአምስተኛው ቀን መጣችና ብርጭቆውን እያሳየሁ ተኩራራሁባት። እሷ ግን ብርጭቆውን ትታ ዙሪያውን ማየት ጀመረች።

«እትዬ፣ አባትየው የታለ?» አለችኝ።

«የማን አባት?»

«የእንቁላሎቹ። ተሸክሟቸው የነበረው።»

«እናትየዋን ማለትሽ ነው? ገላገልኳት፤ ኩሬው ውስጥ ናት።»

«እናት አይደለችም፤ ወንድ ነው። እንስቷ እንቁላሏን የምትጥለው ጀርባው ላይ ነው። ጥላ ትሄዳለች፤ እስኪፈለፈሉ የሚሸከመው እሱ ነው።»

ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «ወንድ አዘለ በይኛ!» አለና እየሳቀ ሄደ። እኔ አልሳቅሁም።

ባለሙያዋ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አዞረችው። እንቁላሎቹ ላይ ነጭ ሻጋታ እንደ ጥጥ በቅሎባቸዋል። ለካ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ነበር፤ እኔ የማደጋቸው ምልክት መስሎኝ ነበር።

«ውሃው እኮ ንጹሕ ነው፤ አፍልቼዋለሁ» አልኳት።

«እትዬ፣ ጥሩ ውሃ ብቻውን አይፈለፍላቸውም» አለችኝ። «ውሃ ውስጥ እንዳሉ ከቀሩ ይታፈናሉ፤ ውጭ ከቀሩ ደግሞ ይደርቃሉ። እሱ ነው ቀን ከሌት ከፍ ዝቅ እያደረገ አየሩንም ውሃውንም የሚሰጣቸው። ከጀርባው ከተነሱ አለቀላቸው።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። ብርጭቆውን ይዤ ወጣሁና ቧንቧው ሥር ደፋሁት፤ አንድ ሁለት ሦስቴ አጠብኩት። እጄ አላርፍ አለኝ። አንድ ተባይ እንዲህ የሚያደርግሽ ምን ሆነሽ ነው ብለው ቢጠይቁኝ መልስ ነበረኝ፤ ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ሠላሳ ዓመት የያዝኩት ነገር ነው።

በማግስቱ ሌላ እንቁላል የተሸከመ ወንድ ከሣሩ ውስጥ አገኘን። ኃላፊያችን «ሲሚንቶው ላይ» ሊል ሲል ባለሙያዋ ለጥናቷ እንደምትፈልገው ነገረችው፤ ጥናት ሲባል ይፈራል። ውሃ የያዘ ሳፋ ውስጥ ጨመርነው። እኔ መኖ ልስጠው፣ ሣር ልጨምርለት፣ ውሃ ልለውጥለት እያልኩ ዙሪያውን ስራወጥ እጄን ያዘችኝ። «አንድ ነገር ብቻ ይስጡት» አለችኝ፤ «እንጨት። ወደ ላይ ሲወጣ የሚይዘው ነገር ካጣ ይደክመዋል። የቀረውን እሱ ያውቅበታል።» ከደጅ አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ አምጥቼ ሳፋው ውስጥ አጋደምኩለት። ወዲያው ያዘው።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ እሱን ማየት ሆነ። እንጨቱን በእግሩ ይይዝና ጀርባውን ከውሃው አውጥቶ ይቆያል፤ ደግሞ ዝቅ ይልና ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። በኋላ እግሮቹ እንቁላሎቹን ይዳብሳቸዋል። ዓይኔ እያየ የትንኝ እጭ በአጠገቡ ታልፋለች፤ አንዳንዴ ይይዛታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይተዋታል። ክንፉ ከእንቁላሎቹ ሥር ተከድኗልና ቢፈልግም አይበርም። ከእኔ ጋር አብረን ነው የማናርፈው። እሱ ግን የማያርፈው ለምን እንደሆነ ያውቃል።

ባለሙያዋን «እንስቷ እንዲህ ጥላበት መሄዷ ክፋት አይደለም?» ብዬ ጠየቅኋት። «ክፋት አይደለም» አለችኝ፤ «ሄዳ ትበላለች፣ ትጠነክራለች፣ ሌላ እንቁላል ታበጃለች።» አንተም ሚስትህን አትርገማት። ከሄደች በኋላ የጻፈችልኝን አንብቤዋለሁ፤ እያለቀሰች እንደምትሠራ ያስታውቃል። እኔም ሄጃለሁ። አንተ የስምንት ወር ልጅ ሳለህ ለአባትህ ሰጥቼህ፣ ሩቅ ካለ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ገብቼ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሠርቻለሁ። መሄዴ አያሳፍረኝም። የሚያሳፍረኝ መመለሴ ነው።

ሦስት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ከዚህ በላይ ዙሪያውን የምዞርበት ጊዜ የለኝም፤ ልናገረው።

ልጄ፣ አባትህ ደክሞት ለአክስትህ አልሰጠህም። እኔ ነኝ ከጀርባው ላይ ያነሳሁህ።

ስመለስ አባትህን ያገኘሁት የአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ሲቀባ ነው። ሕፃን ሳለህ አዝሎህ መሰላል ሲወጣ ሰው ሁሉ «አንተ ሰውዬ፣ ልጁን ልትገድለው ነው?» እያለ ይጮህበት እንደነበር ነግረውኛል። እኔ ስደርስ መሬት ላይ ወርዶ ቀለም እያማሰለ ነበር፤ አንተ ትከሻው ላይ ተቀምጠህ ብሩሹን ታቀብለዋለህ። ሁለታችሁም ፀጉራችሁ ነጭ በነጭ። «ባርኔጣዬ፣ አቀብለኝ» ይልሃል። ስምህ ያ ነበር፤ ባርኔጣው። ልብሱ ተቀዷል፣ እጁ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ እንቅልፍ አጥቷል። ተሳቀቅሁ። ወንድ ልጅ እንዲህ ሆኖ ያሳድጋል ወይ የሚለውን የጎረቤት ሳቅ ሰማሁ።

«ቆይ ላቅልልህ» አልኩት።

«አልከበደኝም» አለኝ።

ይህችን ብቻ ነው የተናገረው፤ ደጋግሞ አልለመነኝም። እኔም ሰው የሚለውን እንጂ እሱ የሚለውን አልሰማሁም። አክስትህ ቤት የቧንቧ ውሃ አለ፣ የራስህ አልጋ አለ፣ ትምህርት ቤቱ ከደጃፉ ነው። ወስጄ እዚያ አስቀመጥኩህና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

አንድ ዓመት አልተናገርክም። አክስትህ ጆሮው ይሆን ብላ ሐኪም ዘንድ ወሰደችህ፤ ጆሮህ ደህና ነበር። አባትህ በየቅዳሜው እየመጣ ይጠይቅህ ነበር። ሲሄድ በሩ ሥር ተኝተህ ቢያነሱህም አትነሳም አሉኝ። «ልጁን እያወክኸው ነው፣ ተወው ይልመድ፣ አትምጣ» ብዬ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ቃሌን አክብሮ ቀረ። አንደበትህ ሲፈታ መጀመሪያ የጠየቅከኝ «አባዬ የት ሄደ?» ብለህ ነው። «ደክሞት ነው» አልኩህ። የቀለለኝን መለስኩልህ፤ ከዚያም በየዓመቱ ያችኑ መለስኩልህ። እሱ ከሞተ ስድስት ዓመት ሲሆነው እንኳ አላረምኩልህም። ይኸው አንተ የገዛ ልጅህን ልትሰጠኝ ስትነሳ እኔ በፈጠርኩት ድካም ምክንያት አገኘህ።

አንተ ደክሞሃል፤ እሱ እውነት ነው። ሰባት ወር ሙሉ እንቅልፍ ያጣ ሰው ይደክመዋል። አባትህም ሳይደክመው ቀርቶ አይደለም። ግን የድካሙን ምክንያት አልጠላውም።

ልጅ የተባይ እንቁላል አይደለም የሚለው ጠፍቶኝ አይደለም። ትንሿ እኔ ዘንድ ብትመጣ አትሻግትም፤ ትበላለች፣ ታድጋለች፣ ትስቃለች። አንተም አድገሃል፤ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ወጥቶሃል። ግን እስከ ዛሬ ሰው ቤት ስትገባ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር አልፈህ አትቀመጥም። አይቼሃለሁ።

ስለዚህ ትንሿን አልቀበልህም። እሁድ የምጓዘው እኔ ነኝ። የተጠራቀመ ፈቃድ አለኝ፤ ኃላፊያችን ትናንት ፈረመልኝ። «የት ልትሄጂ ነው?» ቢለኝ «እንጨት ልሆን» አልኩት፤ አልገባውም። አንተ ስትሰፋ ትንሿን ከጎንህ ይዤልህ እቀመጣለሁ፤ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጫፍ እጠልፋለሁ፣ አንተ ትተኛለህ። ስትነቃ ወደ እቅፍህ እመልሳታለሁ። ወደ ሌላ ቤት ግን አልወስዳትም። ሱሪዎቹንም አንድ ላይ እንለካቸዋለን።

ይህን አንብበህ በሩን ባትከፍትልኝ አልፈርድብህም። ደረጃው ላይ እጠብቃለሁ። ተቀምጬ ስለማይሆንልኝ ስወጣ ስወርድ ታገኘኛለህ፤ ጎረቤቶችህ ምን ሆና ነው ቢሉህ እናቴ ናት በላቸው፤ ካልፈለግህም አትበላቸው።

የሳፋው አባት ትናንት ረፋድ ላይ ልጆቹን አደረሰ። ነጭ ሆነው እንደ ቅንጣት ከጀርባው ይፈልቃሉ፤ እስከ ቀትር ጠቆሩ፤ ከሰዓት በኋላ እርስ በርስ መበላላት ጀመሩ። ባለሙያዋ በየብርጭቆው እየለየች ወሰደቻቸው። ዘበኛውም መጥቶ አየ፤ ያን ዕለት አልቀለደም።

እንግዲህ ልጄ፣ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ እንቅልፍህን ይመልስልህ። ትንሿን ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጣት፤ ትከሻህ አይጉደልባት። ለእኔ ደግሞ የምታየኝ ዓይን ይስጥህ፤ ይቅር የሚል ልብ ቢጨመርበት አልጠላም።

ዘግይታ የምትናገር
እናትህ

ሹፌሩ ጡሩምባ እየነፋ ነው፤ ግን ይህችን ሳልጨምር አልሰጠውም። ትናንት ልጆቹ ከወጡ በኋላ ቆንጣጩ የእንቁላሎቹን ቅርፊት በኋላ እግሩ ገፍቶ ጣለው። ክንፉ ነጻ ነው፤ ይበራል ብዬ ስጠብቅ እንጨቱን ያዘና ባዶ ጀርባውን ከፍ ዝቅ ያደርግ ጀመር። ባለሙያዋን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «እኔም እንጃ፣ እትዬ» አለችኝ። አንተን ከወሰድኩ በኋላ፣ በዚያው ዓመት፣ አባትህን አንድ ቀን መንገድ ላይ ከሩቅ አይቼው ነበር። በአንድ እጁ የቀለም ቆርቆሮውን አንጠልጥሏል። ሌላው እጁ ወደ ትከሻው ከፍ ብሎ ደረቱ ላይ ተጨብጧል፤ እንዳትወድቅበት እግርህን የሚይዝበት እጅ ነው። እንዲሁ እንደያዘ መንገዱን ተሻገረ። እኔም አልጠራሁትም።